በገዛ መሣሪያ፦ የዋሊያስ ባንድ ነፃነትና ዋጋው

የአማርኛ ዘፈን ሒስ አንድ የቆየ ልማድ አለው። ሃያሲው ብዕሩን ሲያነሣ ጆሮው የሚያዘነብለው ወደ ግጥሙና ወደ ዘፋኙ ነው። ስንኙ ቤት መምታቱ፣ ድምፁ መረዋ መሆኑ፣ ዜማው ከየትኛው አካባቢ እንደተቀዳ ይመረመራል፤ ከዘፋኙ ጀርባ የቆመው ሙዚቀኛ ግን «በባንድ ታጅቦ» በምትለው አጭር ሐረግ ተጠቅልሎ ይታለፋል። ልማዱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ቅኔ በከበረበት፣ ቃል ከዜማ በሚቀድምበት ኅብረተሰብ ውስጥ ጆሮ መጀመሪያ ቃል መፈለጉ የሚጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ልማድ ሳቢያ የዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ እኩሌታው በሚገባ ሳይጻፍ ቆይቷል። ይህ እኩሌታ የማጀብ፣ የማቀናበር፣ መሣሪያ የመግዛትና ገቢ የመከፋፈል ታሪክ ነው።

በዚህ እኩሌታ ውስጥ ዋሊያስ ባንድ ልዩ ቦታ ይይዛል። በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ የሚኖረውንና በሌላ አገር የማይገኘውን እንስሳ ስም ለራሱ የሰጠው ይህ ባንድ ሲነሣ፣ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመው ሸክላና በ1981 ወደ አሜሪካ ያደረገው ጉዞ ነው። ሁለቱም መወሳታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁለቱንም የሚቀድም አንድ ውሳኔ አለ፤ ይኸውም የባንዱ አባላት ከየኪሳቸው አዋጥተው የገዛ መሣሪያቸውን መግዛታቸው ነው። ዋሊያስን መመዘን ማለት ይህ ውሳኔ ለሙዚቃው ምን እንዳስገኘለት፣ ምንስ ሊያስገኝለት እንዳልቻለ መመርመር ማለት ነው።

የሰው ከበሮ

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላል የሀገሩ ሰው። የዘመናዊው ሙዚቀኛ ዕጣ ግን ከዚህ ምሳሌ የተለየ ነበር። ከበሮውን ይዞታል፣ አያደናግረውም፤ ሆኖም ከበሮው የሰው ነው።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የዘመናዊው የሙዚቃ ጓድ ጅማሬ እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የተያያዘ ነው። ከነፃነት መመለስ በኋላ ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊትና ጦር ሠራዊት የየራሳቸውን የሙዚቃ ክፍል አደራጁ፤ በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የራሱን ኦርኬስትራ አቆመ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በዚያ ቴአትር የሠራው የማስተማርና የማቀናበር ሥራ ለአንድ ትውልድ ሙዚቀኞች መሠረት ሆኗል። እነዚህ ተቋማት ያደረጉትን ማሳነስ ከእውነት መራቅ ይሆናል። ኖታ ማንበብን፣ የትንፋሽ መሣሪያን ሥርዓት፣ በኅብረት የመጫወትን ዲሲፕሊን ያስተማሩት እነርሱ ናቸው።

ሆኖም ሙዚቀኛው የተቋሙ ንብረት ጠባቂ እንጂ ባለንብረት አልነበረም። ትረምፔቱ በመዝገብ ተጽፎ የሚሰጠው፣ በመዝገብ ተጽፎ የሚመለስ ዕቃ ነበር። ምን እንደሚጫወት፣ የት እንደሚጫወት፣ ከማን ጋር እንደሚጫወት የሚወስነው አለቃው ነበር። የተቋሙ ዕጣ የሙዚቀኛውም ዕጣ ነበር፤ ክብር ዘበኛ በ1953 ዓ.ም. የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በተሳተፈ ጊዜ ድምፃዊው ጥላሁን ገሠሠ እንኳ ከእስር አልዳነም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ አሁንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች ሲበራከቱ ለሙዚቀኛው አዲስ በር የተከፈተ መሰለ። በርግጥም የደንብ ልብሱን አወለቀ። መሣሪያው ግን ከተቋሙ መጋዘን ወደ ክበቡ ባለቤት እጅ ተላለፈ እንጂ ወደ ሙዚቀኛው አልተላለፈም። የክበቡ ባለቤት ድራሙንም፣ ጊታሩንም፣ ኦርጋኑንም ይገዛል፤ ልምምዱን ይቆጣጠራል፤ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ ይወስናል። ከባለቤቱ ጋር የተጣላ ሙዚቀኛ የሚወጣው ባዶ እጁን ነው። ባንድ የሚባለውም የተጫዋቾች ማኅበር ሳይሆን በአንድ ቤት የተቀጠሩ ሰዎች ድምር ነበር።

በሸክላው ዓለምም ተመሳሳይ ገመድ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ይህን ገመድ በ1969 በድፍረት የበጠሰው አምሃ እሸቴ ነው። ሸክላዎቹን በውጭ ሀገር እያሳተመ፣ ከሀገር እስከ ወጣበት እስከ 1975 ድረስ መቶ ያህል ሥራዎችን ለአድማጭ አቀረበ። አምሃ የአሳታሚነትን ነፃነት አሳየ፤ የተጫዋችነትን ነፃነት ማሳየት የሌሎች ተራ ሆነ።

ከቬኑስ እስከ ሂልተን

ዋሊያስ የተመሠረተው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በቬኑስ ክበብ ይጫወቱ በነበሩ ሙዚቀኞች ነው። ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ፣ ፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ግርማ በየነ፣ ሳክስፎን ነፊው ሞገስ ሀብቴ፣ ትረምፔት ነፊው ዮሐንስ ተኮላ፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ መላከ ገብሬ፣ ጊታር ተጫዋቹ ማሕሙድ አማንና ድራም መቺው ተማረ ሐረጉ ስማቸው ከባንዱ ጋር የተሳሰረ ነው። እነዚህን ስሞች በዝርዝር መጻፍ ለሥርዓት ያህል የተደረገ አይደለም። በጊዜው በወጡ ብዙ ዘፈኖች ላይ የሚሰማው ድምፅ የእነዚህ ሰዎች ጣትና ትንፋሽ ሆኖ ሳለ፣ ዘፈኑን በቃሉ የሚያውቅ አድማጭ ስማቸውን ባለማወቁ ነው።

ባንዱን ከሌሎች የለየው ከክበብ ወደ ክበብ በራሱ ፈቃድ መንቀሳቀሱ ነበር። አባላቱ ገንዘብ አጠራቅመው የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ይህ ሲጻፍ ቀላል ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን ኦርጋንና ድምፅ ማጉያ ከባሕር ማዶ የሚመጡ፣ ከአንድ ሙዚቀኛ ገቢ ጋር የማይመጣጠን ዋጋ ያላቸው ዕቃዎች ነበሩ። የውሳኔው ፍሬ በሦስት በኩል ታየ። አንደኛ፣ የልምምዱ ሰዓት የራሳቸው ሆነ፤ አዲስ ቅንብር ለመሞከር የማንንም ፈቃድ አልጠየቁም። ሁለተኛ፣ ከቀጣሪ ጋር የሚነጋገሩት እንደ ግለሰብ ሳይሆን እንደ ባንድ ሆነ። ሦስተኛውና ለኪነ ጥበቡ ዋነኛው፣ አብረው ቆዩ። ተጫዋች በየወሩ በማይለዋወጥበት ቡድን ውስጥ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ያውቃል፤ ድራም መቺው ቤዝ ጊታሩ የት እንደሚያርፍ ሳይነገረው ይገባዋል። የዋሊያስ ድምፅ የሚባለው ነገር የተገኘው ከዚህ አብሮ መቆየት ነው።

በመጨረሻም ባንዱ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ተቀምጦ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተጫወተ። አንድ ትልቅ ሆቴል ለአንድ ባንድ የሚሰጠው መረጋጋት ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ የነፃነቱ ወሰን መታየት ይጀምራል። መሣሪያው የባንዱ ነው፤ መድረኩ ግን የሆቴሉ ነው። በእንግዳ ማረፊያ የሚጫወት ባንድ የእንግዳውን ፍላጎት ማየት ግድ ይለዋል፤ የውጭውን ተወዳጅ ዘፈንና የሀገሩን ዜማ እያፈራረቀ ማቅረብ አለበት። ይህ ግዴታ ዋሊያስን ጎድቶታል ወይስ ጠቅሞታል የሚለው ጥያቄ ወደ ኋላ የሚታይ ነው።

ቃል የሌለው ንግግር

እ.ኤ.አ. በ1974 አብዮቱ ፈነዳ፤ ወታደራዊው መንግሥት ሥልጣን ያዘ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የዘፈን ግጥም ከመቅረቡ በፊት በሳንሱር ማለፍ ግዴታ ሆነ። የከተማይቱ የምሽት ሕይወት ተዳከመ። አንዳንድ ቤቶች ግን አንድ ዘዴ አገኙ፤ ታዳሚው ሰዓት እላፊው ሳይደርስበት ይገባል፣ በር ይዘጋል፣ እስኪነጋ ድረስ ሙዚቃው ይቀጥላል። ዋሊያስም ሌሊቱን ሙሉ ከሚጫወቱት አንዱ ነበር። ሌሊት ሙሉ የሚጫወት ባንድ ደግሞ በዘፋኝ ብቻ ሊዘልቅ አይችልም። የዘፋኝ ጉሮሮ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ኦርጋኑና ትንፋሹ ተራውን ይረከባሉ።

በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ በዚያ ዘመን ማደጉን ከሳንሱር ጋር ብቻ ማያያዝ ነገሩን ማቃለል ይሆናል። ባንዱ በ1975 «ትዝታ» የተባለውን ካሴት ሲያወጣ፣ የሀገሬው አድማጭ በቃሉ የሚያውቃቸውን ዜማዎች ያለ ቃል የማቅረብ ሙከራው የተለየ የጥበብ ጥያቄ ነበረው። ጥያቄው፣ ቃሉ ሲወጣ ከዜማው ምን ይቀራል የሚል ነው። የዋሊያስ መልስ፣ አድማጩ ቃሉን በልቡ ይዞት ይመጣልና ኦርጋኑ ድምፃዊውን ተክቶ ማንጎራጎር ይበቃዋል የሚል ይመስላል። ኃይሉ መርጊያ በወጣትነቱ ራሱን ያስተማረው አኮርዲዮን ነበር። በኦርጋኑ አጨዋወት ላይ የአኮርዲዮኑ አሳሳብ ይሰማል፤ ድምፁን ያሳስባል፣ ያጥፈዋል፣ እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ ያንቀጠቅጠዋል። ሳንሱር የሚያነበው ቃል አያገኝም፤ አድማጭ ግን የሚሰማውን ይሰማል።

በ1977 በካይፋ የሸክላ ማሳተሚያ አማካይነት የወጣው «ቼ በለው» የዚህ ጥረት ማኅተም ነው። በሥራው ላይ የኢትዮ ጃዝ መሪ የሆነው ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተሳትፏል። ርእሱ ፈረሰኛ ፈረሱን የሚያስፈነጥርበት የማበረታቻ ቃል መሆኑ ራሱ የሙዚቃውን ጠባይ ያመለክታል። በሸክላው ውስጥ «ሎሚ ተራ ተራ»ን የመሰለ የጨዋታ ዜማም፣ የትግርኛ ዜማም ይገኛል። ከሁሉ ይበልጥ ዓለምን የዞረው ግን «ሙዚቃዊ ስልት» ነው።

የዚህን ቅንብር አሠራር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። መሠረቱን የሚጥለው የቤዝ ጊታሩና የድራሙ ምት ነው፤ እየተመላለሰ፣ እያጠበቀ የሚሄድ፣ እግርን የሚያነቃ ምት። በላዩ ላይ ትረምፔቱና ሳክስፎኑ በአንድነት አንዲት አጭር ሐረግ ያወጣሉ። ሐረጓ በአምስቱ ድምፆች ቅኝት ውስጥ የምትመላለስ ናት፤ ልክ እንደ አዝማሪ መግቢያ፣ ነገር ልትናገር አፏን ከፍታ መልሳ ትሰበስበዋለች። በመካከሉ ኦርጋኑ ክፍተቱን ይሞላል፤ ሞልቶም አያጨናንቀውም። በቅንብሩ ውስጥ ጎልቶ ልታይ የሚል ተጫዋች የለም። ሁሉም ቦታውን ያውቃል፤ ዝም ማለት ያለበትንም ጊዜ ያውቃል። በክበብ ባለቤት ተጠራርተው ለአንድ ወር የተገናኙ ሙዚቀኞች እንዲህ ዓይነት ዝምታ ሊያመጡ አይችሉም።

ኩረጃ ወይስ ስልት?

በዋሊያስና በዘመን አቻዎቹ ላይ ሲሰነዘር የኖረ ወቀሳ አለ፤ ሙዚቃቸው የአሜሪካን ጥቁሮች ሶልና ፈንክ መቅዳት ነው የሚል። ወቀሳው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። የኪንግ ከርቲስ፣ የጁኒየር ዎከርና የሜሲዮ ፓርከር ሳክስፎን በዋሊያስ አጨዋወት ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ የሚሸሸግ ነገር የለውም። የሆቴሉ መድረክ የውጭውን ዘፈን በየሌሊቱ ማጫወት ግድ ያለው ባንድ ያን አጨዋወት በጣቱ ቢለምድ የሚያስገርም አይሆንም።

መመዘን ያለበት ግን ከውጭ የመጣው ነገር ከሀገሩ ቅኝት ጋር ሲገናኝ ማን ማንን እንደገዛ ነው። በደካማ ሥራ ውስጥ የሀገሩ ዜማ የውጭውን ልብስ ይለብስና ልብሱ ይውጠዋል። በዋሊያስ ምርጥ ቅንብሮች ግን ዜማው የሚሄድበትን መንገድ የሚወስነው ቅኝቱ ነው፤ ምቱ ተሸካሚ ነው። እዚህ ላይ ሚዛኑ ለሁሉም ሥራዎቻቸው እኩል አያደላም። ለዳንስ ብቻ የታሰቡ አንዳንድ ቅንብሮች ሐሳባቸውን በመጀመሪያው ደቂቃ ጨርሰው የቀረውን በድግግሞሽ ይሞላሉ፤ ከክበቡ ጭፈራ ተነጥለው ሲደመጡ ይህ ድክመታቸው ይታያል። የሆቴል መድረክ ጉዳቱም ጥቅሙም ከዚህ ላይ ነው፤ እጅን ያሠለጥናል፣ ሐሳብን ግን አንዳንድ ጊዜ ያሰንፋል።

ዋሊያስ ብቻውን እንዳልነበረም ማስታወስ ያስፈልጋል። በኋላ ሮሃ ባንድ የተባለው አይቤክስ ከማሕሙድ አህመድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን የመሰለ ሥራ ሠርቷል። በግዮን ሆቴል ይጫወት የነበረው ዳህላክ ባንድም በ1978 ከኃይሉ መርጊያ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን አውጥቷል። አንዱ ባንድ ከሌላው የሚለየው በቅንብር ጠባዩ ነው፤ ይህን ልዩነት በጆሮ ለይቶ በጽሑፍ ማስረዳት ለሒስ ገና ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው።

ጉዞና መለያየት

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋሊያስ ከማሕሙድ አህመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ በዚያች አገር ተዘዋውሮ ሲያቀርብ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ታዳሚው በአብዛኛው አገሩን ጥሎ የተሰደደ ኢትዮጵያዊ ነበር። ጉዞው ሲያበቃ ግን ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ በወታደራዊው መንግሥት ሥር ወደሚገኘው አገራቸው ከመመለስ ይልቅ እዚያው መቅረትን መረጡ። ዮሐንስ ተኮላና ተማረ ሐረጉ ተመለሱ፤ የዋሊያስም ስም በአዲስ አበባ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ዘለቀ። በዋሺንግተን የቀሩት ደግሞ ዙላ ባንድን መሠረቱ።

የቀረውንም የተመለሰውንም መውቀስ የሒስ ተግባር አይደለም። ሒስ ሊናገር የሚችለው በድምፁ ላይ ስለደረሰው ነው። አብሮ በመቆየት የተገነባ ድምፅ በመለያየት ይፈርሳል። ከገዙት መሣሪያ ሁሉ በላይ ውድ የሆነው ሀብታቸው፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ማወቁ፣ በሻንጣ የሚጓዝ ዕቃ አልነበረም።

በ1985 ኃይሉ መርጊያ በዋሺንግተን አካባቢ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ። አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና ከበሮ መቺ ማሽን ሁሉንም በአንድ ሰው እጅ ሰበሰበ። ሥራው ውብ ነው፤ ውበቱ ግን የብቸኝነት ውበት ነው። ቀድሞ ሰባት ሰው ይጠያየቅበት በነበረው ቦታ አሁን አንድ ሰው ራሱን ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል። በ1991 በአደባባይ መጫወቱን ተወ፤ በኋላም በታክሲ ነጂነት ሠራ። ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ከመኪናው ዕቃ መጫኛ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ እያወጣ ይለማመድ እንደነበር በይፋ ተናግሯል። የልምምዱን ሰዓት የራሱ ያደረገ ሙዚቀኛ ልማዱን አልጣለም ማለት ነው።

የክሩ ባለቤት

ከዚያ በኋላ የሆነው በሰፊው ይታወቃል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሲዲ ስብስብ የዚያን ዘመን ሸክላዎች ለዓለም አሰማ፤ «ሙዚቃዊ ስልት»ም ከነዚሁ መካከል ነበር። በ1998 በኒው ዮርክ ዘ ዳክታሪስ የተባለ ቡድን ይህንኑ ቅንብር በራሱ አጨዋወት ቀረጸው፤ ሌሎችም ተከተሉ። በ2013 ደግሞ የ1985ቱ ካሴት፣ አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ በባሕር ዳር ከገበያ አግኝቶት፣ እንደገና ታተመ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ። ግርማ በየነም በ2017 ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር የኢትዮፒክስን ሠላሳኛ ቁጥር ሠራ።

ይህ የሚያስደስት ፍጻሜ ነው። ነገር ግን ደስታው አንድ ጥያቄ መሸፈን የለበትም። መሣሪያውን የገዛው ባንድ ክሩን አልገዛም ነበር። በክር ላይ የተቀረጸው ድምፅ በገበያ ሲባዛና ሲቸበቸብ፣ ለተጫዋቹ የሚደርሰው ለቀረጻው ቀን የተከፈለው ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነት ድንጋጌ ቢኖረውም፣ የከዋኝን መብት በስሙ ጠርቶ ያስቀመጠ ራሱን የቻለ ሕግ የመጣው በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 410 ነው። ይህም ዋሊያስ ከተመሠረተ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። የባንዱ ነፃነት እንግዲህ ግማሽ ነፃነት ነበር። ድምፁን የሚያወጣበትን ዕቃ ያዘ፤ ድምፁ ከወጣ በኋላ የሚሄድበትን መንገድ ግን አልያዘም።

የግማሹን ነፃነት ፍሬ ማሳነስ ግን አይገባም። ሰባት የሚሆኑ ሰዎች ከየገቢያቸው አዋጥተው በገዙት ኦርጋንና ድራም አድማጭ ያለ ቃል የሚያዳምጠውን ሙዚቃ ፈጠሩ፤ ያ ሙዚቃም ቋንቋውን የማያውቀው ሰው ዘንድ ሳይቀር ደረሰ። ዛሬ አጃቢ የሚባለው ሥራ በብዛት በአንድ አቀናባሪ ኮምፒዩተር ውስጥ ያልቃል። አብሮ የሚቆይ፣ የሚለማመድ፣ የሚጣላና የሚታረቅ ባንድ ማቆም ከቀድሞው ይልቅ ከባድ ሆኗል። ይህን ለመሞከር የሚነሡ ወጣቶች ከዋሊያስ የሚወርሱት ሁለት ትምህርት ነው። አንደኛው መሣሪያን በጋራ መግዛት ድምፅን በጋራ መሥራት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ውል ከቀረጻ መቅደም ያለበት መሆኑ ነው።

ለሒስ የሚተርፈው ትምህርት ደግሞ ከሁለቱም ይቀላል። «በባንድ ታጅቦ» በሚለው ሐረግ ፈንታ ትረምፔቱን የነፋው ዮሐንስ ተኮላ፣ ሳክስፎኑን የነፋው ሞገስ ሀብቴ፣ ቤዙን የመታው መላከ ገብሬ ብሎ መጻፍ ነው። መሣሪያውን በገንዘቡ የገዛ ሰው፣ ስሙ ቢያንስ በሥራው ላይ ሊጻፍለት ይገባል።